ታካሚዬን ፍለጋ ወደ ላስታ

ላሊበላ ደርሼ መመለሴን የሰማ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ነው። እውነቱን ለመናገር እነሱን ያየኋቸው በአንድ ማለዳ፣ ያውም እየተቻኮልኩ ነው። የሄድኩት ሰው ፍለጋ ነበር። ይህን የምጽፈውም አልጋቸውን ትተው መንገድ መውጣት ለማይችሉት የክፍላችን ታካሚዎችና ፈቃድ አጥተው ለቀሩት የሥራ ባልደረቦቼ ነው። ወሬውን በየተራ ከምነግራችሁ አንድ ጊዜ ጽፌው ብታነቡት ይሻላል።

መጀመሪያ ደብሬን ላስተዋውቃችሁ። የላስታ ገበሬ ሚስት ናት፤ ገና ወጣት። የፀነሰች መስሏት ቤተሰቡ ሁሉ ሲደሰት ማህፀኗ ውስጥ ያደገው ልጅ ሳይሆን ቀረ፤ ውሃ የቋጠረ፣ የወይን ዘለላ የመሰለ ነገር ነበር። እሱ ከወጣ በኋላም ደሟ አልቆም አለ። አዲስ አበባ፣ እኔ በነርስነት ወደምሠራበት የሆስፒታል ክፍል ስትደርስ ከእንግዴ ልጅ የሚነሣው ካንሰር ሳንባዋ ድረስ ተበትኖ አገኘነው። ደግነቱ ይህ የካንሰር ዓይነት ክፉ ቢሆንም ለመድኃኒት እጅ ይሰጣል። መርፌውን ዙር በዙር ወሰደች። አፏ ውስጡ ቆስሎ ምራቋን መዋጥ ሲያቅታት የቀዘቀዘ አጥሚት በማንኪያ እያጠጣኋት ሰነበትኩ። ከዚያ ዳነች፤ በእግሯ ሄደች።

ስትሄድ ሁለት ነገር አስጠንቅቀናት ነበር። በየሦስት ወሩ መጥታ እንድትታይ፣ ለአንድ ዓመት ደግሞ እንዳትፀንስ። በሽታው ሲመለስ ሽንት ላይ የሚያሳየው ምልክት ከእርግዝና ምልክት ጋር አንድ ነውና፣ ብትፀንስ የቱ የቱ እንደሆነ ይጠፋናል። ነሐሴ ላይ መጣች፤ ሽንቷ ንጹሕ ነበር። ኅዳር ላይ ቀረች። ታኅሣሥም አለቀ።

የክፍላችን ሐኪም፣ «ቶሎ ካወቅንበት እንደገና እናድናታለን። ከዘገየን ግን እንጃ» አለ።

የዓመት ፈቃዴ ጥር ላይ ነበረ። እናቴ ዘንድ ናዝሬት ሄጄ ልተኛበት ያሰብኩትን ፈቃድ ይዤ ወደ ሰሜን ተነሣሁ።

ማክሰኞ

ከአዲስ አበባ በጠዋቱ አውቶቡስ ወጣሁ። ጭኔ ላይ ትልቅ ቀይ ተርሞስ አቅፌአለሁ። ውስጡ በረዶ፣ በረዶው መሀል ደግሞ የሽንት መመርመሪያው ብልቃጦች ነበሩ፤ መድኃኒቱ ከሞቀ ይበላሻል። እንግዲህ ይህን ለማን አስረዳለሁ? ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ሲጠነክር አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ተርሞሱን ደጋግመው አዩት።

«ልጄ፣ ሻይ መስሎኝ» አሉ በመጨረሻ።

«አይ አባባ፣ መድኃኒት ነው።»

«ትኩስ መድኃኒት?»

«ቀዝቃዛ።»

አዛውንቱ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳብ አደረጉ። «በዚህ ብርድ ላይ ቀዝቃዛ ይዞ መንገድ!» ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከዚያ ወዲያ ግን አዝነውልኝ መሰለኝ፣ እስከ ጣርማ በር ዋሻ ድረስ ቆሎ በእፍኝ በእፍኝ ሲያቀብሉኝ ቆዩ።

እኔ የናዝሬት ልጅ ነኝ። ለእኔ መንገድ ማለት ጋሪ የሚሮጥበት ሜዳ ነው። ከጣርማ በር ቁልቁል ያለውን ጠመዝማዛ ዓይኔን ጨፍኜ ወረድኩት፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለውን ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜ ወጣሁት። ደሴ ስንደርስ ከአገሩ ያየሁት ነገር የፊት ወንበሩን ጀርባ ብቻ ነበር።

ረቡዕ

ከደሴ ወልዲያ ስንሄድ ኬላ ላይ ሁላችንንም አወረዱን። ያለሱ ከቦታ ቦታ የማይኬድበትን የይለፍ ወረቀቴን ያየው ወታደር ተርሞሱን እንድከፍት አዘዘኝ። እጁን አግብቶ አንዱን ብልቃጥ አወጣና ለፀሐይ አንሥቶ አገላበጠው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሽንት መመርመሪያ።»

ብልቃጡን እንደ ፍም ወደ በረዶው መለሰው። እጁን በሱሪው እየጠረገ፣ «እለፊ፣ እለፊ! ሌላውም ይለፍ!» አለ። በእኔ ተርሞስ ምክንያት አውቶቡሱ በሙሉ ሳይፈተሽ አለፈ። ተሳፋሪዎቹ ወልዲያ እስክንገባ ሲስቁ፣ ሲመርቁኝም ነበር።

ወልዲያ ያረፍኩት እትዬ ዘምዘም የሚባሉ ሴት ቤት ነው። ቡና ቤቶቹ በሹፌርና በወታደር ተሞልተው ስለነበር አንዲት ሻጭ ወደሳቸው መራችኝ። እትዬ ዘምዘም ሙስሊም ናቸው፤ ግቢያቸው ውስጥ ለመንገደኛ የሚያከራዩት ሦስት ክፍል አላቸው። ገና ሳልቀመጥ፣ «ረቡዕ ነው፤ ጾመኛ ነሽ» አሉና ጎረቤታቸው ካለች ክርስቲያን ሴት ሽሮ አስመጡልኝ። እሳቸው ራሳቸው እበላ እንደሆነ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። እኛ ሰፈር እንግዳ ማረፊያ ሲከራይ የሚጠየቀው ስሙና መታወቂያው ነው፤ ጾሙን የጠየቀ አላጋጠመኝም።

በረዶዬ ቀልጦ ነበር። ችግሬን ስነግራቸው ተርሞሱን ተቀበሉኝና መንገድ ተሻግረው፣ በጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ ያለው መጠጥ ቤት ገቡ። ደጃፉን ረግጠው የማያውቁት ቤት እንደሆነ ኋላ ነው የሰማሁት። በረዶ ሞልተው ሲመለሱ ሰፈሩ በር በሩ ላይ ቆሞ ያያቸዋል።

«አብሽሪ» አሉኝ፣ ፊታቸው በሳቅ ተሞልቶ። «አላህ ለበሽተኛ መሆኑን ያውቃል። ሰውም ነገ ያውቃል።»

ሐሙስ

ከወልዲያ ወደ ጋሸና አውቶቡስ አልነበረም። እትዬ ዘምዘም ጋሽ እንድሪስ ለሚባሉ የጭነት መኪና ሹፌር አደራ ሰጡኝ። የጫኑት ጨውና ቆርቆሮ ነው። ጋቢና ውስጥ ከእኔ ሌላ አንድ በግ ነበረ፤ የሹፌሩ አማች በግ ስለሆነ ከኋላ መጫን አይሆንም አሉኝ።

የዲልብን ዳገት ስንወጣ ቻይናዎቹ የሚሠሩት መንገድ አንዳንዱ ቦታ አልቋል፤ አንዳንዱ ቦታ ገና ድንጋይ ነው። መኪናው በተናጠ ቁጥር በጉ ጭኔ ላይ ይወድቃል፤ እኔ ተርሞሱን ወደ ላይ አነሣለሁ። ጋሽ እንድሪስ ማንን ለማየት እንደምሄድ ጠየቁኝና ነገርኳቸው።

«ነቀርሳ ድኖ ያውቃል?» አሉ።

«ይድናል። ሁሉም አይደለም፤ የሷ ግን ድኖ ነበር።»

«ነበር አትበይ» አሉኝ። «ገና ሳታያት ነበር አትበይ።»

ጋሸና ስንደርስ ነፋሱ ቆዳዬን አልፎ አጥንቴ ውስጥ ገባ። ናዝሬት ላይ በዚህ ሰዓት ሰው አልጋውን ደጅ አውጥቶ ይተኛል። እዚህ ምግብ ቤቱ ውስጥ ሁላችንም እሳቱን ከበን፣ ከእሳቱ ዳር ማን ገፍቶ እንደሚያወጣን እየሰጋን በላን። ባለቤቲቱ ተርሞሴን ውጭ እንዳሳድረው መከረችኝ፤ «በረዶ ምን ያደርግልሻል? ጋሸና ራሷ በረዶ ናት» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጠዋት ስነሣ እንዲያውም ብልቃጦቹ በርደው እንዳይሰበሩ ሰግቼ ነበር።

ዓርብ

ጋሽ እንድሪስ ጨዋቸውን አራግፈው ወደ ላሊበላ ይዘውኝ ወረዱ። በበጋ ብቻ የሚያስኬድ መንገድ ነው፤ ለሚያዩት ሰው መንገድ አይመስልም። በአንድ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ጎማው ሲተነፍስ ወርጄ ድንጋይ ሳቀብል የአንድ እግር ጫማዬ ተረከዝ ተነቅሎ ቀረ። ላሊበላ የገባሁት እያነከስኩ፣ ከራሴ እስከ እግሬ አፈር ለብሼ ነው። አንዲት ሴት «እግዜር ይማርሽ» ብላ በአጠገቤ አለፈች።

የጤና ጣቢያውን ሕሙማን የሚረዳው ድሬሰር ብርሃኑ የሚባል ሰው ነው። ራሴን ሳስተዋውቅ ወንበሩን ለቆ አስቀመጠኝ፤ ሚስቱ እግሬን በሞቀ ውሃ አጠበችልኝ። ደብሬን በስም ያውቃታል። አገሯ ጥድ ዋሻ ከላሊበላ በላይ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ትከሻ ላይ ነው።

«ባሏ ሲሳይ ነገ ገበያ ይወርዳል» አለኝ። «ብቻሽን ከምትወጪ ከሱ ጋር ትሄጃለሽ።»

«እሷስ? ደኅና ናት?»

«ከወረደች ቆይታለች። ስለሷ ስጠይቀው ወሬ ይለውጣል።»



ቅዳሜ

በማለዳ የብርሃኑ ሚስት አብያተ ክርስቲያናቱን አስጎበኘችኝ። ከድንጋይ ውስጥ ወደ ታች የተፈለፈሉ፣ የሚያስደንቁ ናቸው፤ ሌሎች በደንብ ጽፈውላቸዋልና እኔ አልደክምበትም። የማስታውሰው በተዋስኩት የላስቲክ ጫማ የዋሻውን ጨለማ ስሻገር አንድ መነኩሴ እጄን ይዘው «ቀስ ልጄ፣ ቀስ» እያሉ እንዳሻገሩኝ ነው። ስለ ደብሬ ነገርኳቸውና ስሟን ጠይቀው ጸለዩላት።

ከዚያ ገበያ ወጣን። ሲሳይን ያወቅኩት ከሩቅ ነው፤ ደብሬ ተኝታ ሳለ ሳምንታት የክፍላችን በር ላይ ቆሞ የሚውል ሰው ነበር። ገብስ ይሸጣል። ቀና ብሎ ሲያየኝ መስፈሪያው ከእጁ ወደቀ።

«ሲስተር! እርስዎ?»

«እኔ ነኝ። ደብሬ የታለች?»

«ደኅና ናት።»

«ሲሳይ፣ ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ የመጣሁት ደኅና ናት ተብዬ ልመለስ አይደለም።»

ዙሪያውን ተመለከተ። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የወር አበባዋ ከቆመ ቆይቷል። ሆዷም ... ሆዷ እየገፋ ነው። ያኔም እንዲሁ ነበር የጀመራት። እናቴ ዘመድ ጠርታ ድግስ ደግሳ፣ ኋላ የሆነውን እርስዎ ያውቃሉ። አሁን ቤታችን ውስጥ ስሙን የሚጠራ የለም። ፅንስ ነው ያለ የለም፤ በሽታ ነውም ያለ የለም።»

«ለምን አትመጡም ታዲያ?»

«እሷ እምቢ አለች። ‹አትፀንሺ ብለውኝ ነበር፤ ይቆጡኛል። በሽታው ከሆነም እዚሁ ልሙት› አለች።»

ወደ ጤና ጣቢያው ተመለስኩና ከብርሃኑ የእንጨቱን የፅንስ ማዳመጫ ተዋስኩ። ለምን እንደፈለግሁት ሲያውቅ አንድም ቃል ሳይጨምር በጥጥ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

እሑድ

ሲሳይ በቅሎ ተበድሮ አስቀመጠኝ። በቅሎ ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ ዳገቱን ስንወጣ አንገቷን አቅፌ ነበርና ሲሳይ ከነሐዘኑ ሳቀ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ዛፉ እያነሰ፣ ነፋሱ እየበረታ ሄደ። በገደሉ አፍ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተቀምጠው ሣር ሲነጩ እኛን ዘወር ብለው አላዩንም።

ጥድ ዋሻ ስንደርስ ደብሬ ከማጀት ወጣች። አየችኝና ባለችበት ቆመች። የረገፈው ጸጉሯ ዳግም አድጎ ሹሩባ ተሠርታለች፤ ጉንጯ ሞልቷል። ጋቢዋን ሆዷ ላይ በሁለት እጇ ሰብስባ ይዛለች።

«ሊቆጡኝ ነው የመጡት?» አለች።

ወርጄ አቀፍኳት። ሁለታችንም አለቀስን።

የሲሳይ እናት እሜት ዘነቡ ጆሯቸው ደከም ያለ፣ ድምፃቸው ግን ሰፈር የሚያነቃ ሴት ናቸው። መጀመሪያ ካልበላሽ አሉኝ። የገብስ እንጀራና እርጎ አቀረቡ። እኔ ግን ዓይኔ ደብሬ ላይ ነበርና ጉርሻውን ያለ ጣዕም ዋጥኩት።

በሩ አጠገብ፣ ብርሃን ባለበት ምርመራውን ሠራሁ። ሽንቷን ከመድኃኒቱ ጋር ጠብ አድርጌ በጥቁር መስታወት ላይ እያዘነበልኩ አየሁት። ድብልቁ እንደ አይብ ከተቋጠረ ነፃ ናት። እንደ ወተት ከቀረ ምልክቱ አለባት። ደግሜ ሠራሁት። ሁለቱም ጊዜ እንደ ወተት ቀረ።

ደብሬ ፊቴን ታነብ ነበር። «ተመለሰ?»

«ይሄ መድኃኒት እሱን መለየት አይችልም» አልኳት። «ልጅም ቢሆን በሽታም ቢሆን አንድ ዓይነት ነው የሚያሳየኝ። ተኚልኝ፣ ሆድሽን ልየው።»

እጄ እንዳይቀዘቅዛት ብብቴ ሥር ሞቅ አደረግሁት። ማህፀኗ እምብርቷ ድረስ ደርሷል። የመጀመሪያው ቡቡ ያለ፣ ሊጥ የመሰለ ነበር ብለው የመረመሯት ጽፈዋል፤ ይህ ግን ጠንከር ያለ ነው። በግራ በኩል አንድ የሚጎረብጥ ነገር ጣቴን የገፋኝ መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምለው፤ ሰው የሚመኘውን ነገር በእጁ ያገኘው ይመስለዋል።

«ደም አይተሻል?»

«ጠብታም አላየሁ።»

«ይንቀሳቀሳል?»

ወደ አማቷ አየት አደረገች። ከዚያ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ከጥምቀት በፊት ጀምሮ። ግን ያኔም ይመስለኝ ነበር፤ አፍሬ ለማንም አልተናገርኩ» አለች።

ማዳመጫውን ሆዷ ላይ ተክዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። በሌላው እጄ የእጇን የደም ሥር ያዝኩ፤ የእናትና የልጅ እንዳይምታታብኝ። ምንም የለም። ቦታ ለወጥኩ። ነፋሱ የጣሪያውን ሣር ያንኳኳል። «ዝም በሉ!» አልኩ፤ የሚናገር ሰው ግን አልነበረም። ወደ ግራ፣ ወደ ታች ወሰድኩት።

ከዚያ ሰማሁት። ከሩቅ፣ ከትራስ ሥር እንደሚሰማ የእጅ ሰዓት፣ ፈጣን ነው። በእጄ የያዝኩት የደብሬ የደም ሥር በዝግታ ይመታል፤ ይህኛው ጥሎት ይሮጣል። የእሷ አይደለም። የሌላ ሰው ነው።

ቀና ስል ሦስቱም ያዩኛል። ሲሳይን በጋቢው ስቤ አንበረከክሁትና ጆሮውን እንጨቱ ላይ አደረግሁለት። ትንፋሹን ዋጠ። ቆየ።

«ምንድን ነው የሚሮጠው?» አለ።

«ልብ ነው። የልጅህ ልብ።»

አልተነሣም። ጆሮውን እዚያው እንዳደረገ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ደብሬ እጇን ራሱ ላይ አሳረፈች። «እኔስ? እኔ እንዴት ልስማው?» እያለች በአንድ ጊዜ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች።

እሜት ዘነቡም ተንበረከኩ። «ሰማሁት! እንደ ከበሮ ነው!» ብለው ጮኹ፤ ማዳመጫውን ግን በተገላቢጦሽ ይዘውት ነበር። እልልታቸው ጎረቤት ጠራ። ጎረቤቱ ሌላ ጎረቤት ጠራ። ሴቶቹ ሁሉ በየተራ ገብተው አዳመጡ፤ እያንዳንዷ ስትወጣ በር ላይ ለቆሙት በእጇ ጭብጨባ ትርታውን ታሳያለች።

በመሀሉ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር እንግዳ መምጣቱን ሰምተው ወረቀቴን ሊያዩ ገቡ። ኮስተር ያሉ ሰው ናቸው፤ ጠመንጃቸውን አላወረዱም። የይለፍ ወረቀቴን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ ሰዉ የሚያደርገውን አይተው፣ ደብሬን አስፈቅደው እሳቸውም ጎንበስ አሉ። ሲነሡ ፊታቸው ተለውጧል።

«እርስዎስ ወረቀት አለዎት» አሉኝ። «ይሄኛው ግን ያለ ይለፍ ነው የገባው።»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ያን ምሽት በግ ታረደ።

ከሰኞ እስከ ሐሙስ

የልብ ምት መስማት ብቻውን አይበቃም ነበር፤ ሳንባዋን ማየት ያስፈልጋል። ይህን ስነግራት ደብሬ አልተከራከረችም። «አሁንማ ልሙት ብልም አይለቁኝም» አለች ወደ አማቷ እያየች። አማቷ በቅሎዋ ላይ የሚደላድሉላትን ቆዳ እያዘጋጁ ነበር።

ተመልሰን በዚያው መንገድ ወረድን። ጋሽ እንድሪስ ከጋሸና ወልዲያ ጋቢናውን ለደብሬ ለቀቁላት፤ እኔና ሲሳይ ከኋላ፣ በባዶ ጆንያ ላይ ተሳፈርን። እትዬ ዘምዘም ደብሬን ሲያዩ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ሆዷን በእጃቸው ዳበሱ፤ ከዚያ የክፍሏን ፍራሽ ደርበው አነጠፉላት።

ደሴ ላይ ሆዷን በእርሳስ መከላከያ ሸፍነው ደረቷን አንድ ጊዜ ራጅ አነሷት። ባለሙያው ፊልሙን እርጥብ እንደሆነ አወጣልኝና ወደ መስኮቱ አነሣሁት። በመጀመሪያው ፊልሟ ላይ ሁለቱም ሳንባዎቿ እንደ ጥጥ ፍሬ በተበታተኑ ነጫጭ ነጥቦች ተሞልተው ነበር። አሁን ጎድን አጥንቷን አየሁ፣ ልቧን አየሁ። ሌላ አንዳች የለም።

«ምን አለበት?» አለ ሲሳይ።

«ባዶ ነው።»

«ባዶ ማለት ጥሩ ነው?»

«በጣም ጥሩ ነው።»

ፊልሙን ተቀብሎኝ፣ ምን እንደሚያይ ባያውቅም፣ እየሳቀ ለረዥም ጊዜ ተመለከተው።

ከክረምቱ በኋላ

ደብሬ የወለደችው ደሴ ነው፤ ሴት ልጅ። መንገዱ ሲከፈት ለምርመራ ልጇን አዝላ አዲስ አበባ መጣች። ያን ቀን ሽንቷ እንደ አይብ ተቋጠረልኝ፤ ነፃ ናት።

ክፍላችን ውስጥ በዚያው በሽታ የተኛች ከጅማ የመጣች ሴት ነበረች። አፏ ስለቆሰለ ሁለተኛውን ዙር መርፌ አልወስድም ብላ ሦስት ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር። ደብሬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አንቺም ይሄን ወስደሻል?» አለቻት ሴትዮዋ፣ ዞር ሳትል።

«ውሃ እንደ በርበሬ እስኪያቃጥለኝ ድረስ።»

ሴትዮዋ ዞረች። ደብሬ ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ ምንም ሳትጠይቅ እቅፏ ውስጥ አስቀመጠችላት። ሕፃኗ የሴትዮዋን ነጠላ ጫፍ ይዛ ወደ አፏ ወሰደች። ሴትዮዋ ብዙ ጊዜ አየቻት። ከዚያ መርፌዬን ይዤ በር ላይ መቆሜን አስተዋለች።

«ነይ ሲስተር» አለችኝ። «በግራ እጄ ይሁን። ቀኙ ልጅ ይዟል።»